አቀባይ

ከጨርቃ ጨርቅ ጀርባ፣ ሲሚንቶው የላጠ አንድ ሜዳ ነበረ፤
መረቡ ያጥማጅ ናይለን፣ ቀለበቱ ደግሞ ካሮጌ በርሜል አፍ የተቆረጠ፣ በሽቦ የታሰረ።
እዚያ ነው ያየሁት
ቢያድግልኝን።

እናቱ ስሙን ስታወጣ ሦስት ቀብራ ነበር፤
«ቢያድግልኝ» አለችው፣ ለእግዜር በሹክሹክታ ምኞት እንደ መንገር።
አደገላት።
አደገና በሩን ጎንበስ ብሎ ወጣ፤
አደገና እግሩ ካልጋው ተርፎ አደረ፣ ብርድ ልብስ አጣ፤
አደገና አንድ ቀን፣ ፊሽካ ባንገቱ ላይ፣ አሰልጣኝ ይርዳው ከሩቅ አይቶት መጣ።

እኔ አጭር ነኝ። ሥራዬ ማቀበል።
ክንድ በክንድ መሀል፣ ላብ በላብ መሀል፣ ቀዳዳ መፈለግ፣
ኳሷን አሹልኬ፣ ከዚያ ከፍ ካለው፣ ከመዳፉ ማድረግ።
ሲያገባት አላይም፤ ከጄ እንደወጣች ዞሬ እሮጣለሁ፤
«ሽው» ስትል መረቧ፣ ድምጿን ከኋላዬ ሰምቼ እቆጥራለሁ።

ክለብ ቀጠረን፤ ደመወዝ፣ የባንክ ደብተር፣ ቁጥር ያለው ማልያ፤
እናቱ ተወችው የቆሮሶ ንግድ፣ የዓሣ ገበያ።
ቅርጫቷን አጥባ ከግድግዳ ሰቀለች፤
«ያንተ ቅርጫት ለሁለት ይበቃል፤ የኔዋ ትረፍ» አለች።

ከሽንፈት መጣን አንድ ማታ፤ ጉልበቱ አብጦ፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ፤
ወሰድኩት ከዓባይ ድልድይ ማዶ፣ ምንጣፍ ወዳለበት፣ ጫማችን ደጅ ቀርቶ።
ከእቅፉ መረጥኩ፣ ለጋዋን፣ ቀዩን ጫፏን፤
«እንካ፣ ድካም ታወጣለች» ብዬ አቀበልኩት
የመጀመሪያዋን።

ጠርሙሱን ያወቀ ብዙ ነው፣ ሰፈሩም አውርቷል፤
ያችን ቀንበጥ ግን፣ ከእኔና ከእሱ ሌላ፣ ምንጣፉ ብቻ ያውቃል።

መጀመሪያ ቅዳሜ ነበረች፤ ረቡዕ ተጨመረች፤
ኋላ ሳምንቷ ሙሉ አንዲት ቅዳሜ ሆነች።
ምርቃና ሲያስረው ጨብሲ ይፈታዋል፤ ጨብሲ ሲጥለው ጫት ነው መድኃኒቱ፤
ሀራራው በማለዳ፣ ደብተር እንደያዘ አበዳሪ፣ ይቆማል ከፊቱ።
አሰልጣኝ ይርዳው አንዴ መከረው፣ ሁለቴ ቀጣው፣ በሦስተኛው ዝም፤
ያ ዝምታ ነበር የስንብት ደብዳቤው። ማህተም የለውም።

የመጨረሻዋ ቀን፣
ሰባት ሰከንድ ቀርቷል፤ እኩል ነን። አቀበልኩት፤ እንደ ልማዴ ዞሬ ሮጥኩ።
«ሽው»ን ጠበቅኩ።
ጠበቅኩ።
ኳሷ ከጣቶቹ ሾልካ፣ እየነጠረች፣ ካግዳሚው ሥር ገባች፤
ከዚያ ሁሉ ጩኸት ድምጿ ብቻ ቀረች።

አሁን ባጃጅ እነዳለሁ፣ ከቀበሌ አሥራ አራት እስከ ጣና ዳር።
ትናንት፣ ጀልባዎች ከዘጌ ሲመለሱ፣ ፀሐይ ውሃው ላይ ዝጋ ስትሰባበር፣
አየሁት ከዘንባባው ሥር፤ ታጥፎ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣
እንደ ተሰበረ ጃንጥላ፣ ግንዱን ተደግፎ።
እንቦጭ የሸፈነውን «ይሄ ጣና ነው» ብሎ ለእንግዳ እንደ ማሳየት፣
ለተሳፋሪዬ «እሱ እኮ ተጫዋች ነው» አልኩት።
ሳቀ፤ አላመነበት።

ለልጆቼ የገዛሁት ማንጎ ነበር ከጎኔ፤
«ቢያዴ!» ብዬ ወረወርኩ፣ በደረት ልክ፣ ሳላስበው እኔ።
ያ የሻይ ብርጭቆ የማይችል፣ እንደ ደንገል የሚርገበገብ እጁ
ተዘረጋ፤ ያዛት።
ለአንዲት ትንፋሽ ያህል፣ ቀጥ አለ፣ ዝም አለ እጁ።
በጣቶቹ አዞራት፣ እንደ ድሮው፣ ስፌቷን እንደሚፈልግ፤
ከዚያ መልሶ አቀበለኝ፣ ያለ ማዕረግ።
«ማንጎ አልበላም» አለ። «ሃምሳ ብር የለህም?»

አለኝ። ምን እንደሚገዛም አውቃለሁ፤ ከማንም ይበልጥ አውቃለሁ።
እናቱ ቅርጫቷን ከግድግዳ ካወረደች ቆይታለች፤ ማለዳ ማለዳ አያታለሁ፣
ዓሣዋን ስትጠራ፣ ስሙን ግን ሳትጠራ፤ ፊቴን አዞራለሁ።

እጁ ተዘርግቷል። እኔ አቀባይ ነኝ።
ተሳፋሪው ከኋላ፣ «ወንድም፣ እንሂድ እንጂ፣ መሸ እኮ!» አለኝ።